ከሞተሩ እግር ሥር የነበረችው ጣውላ

ድሬዳዋን ለማየት አልሄድኩም፤ ለቅሶ ልደርስ ነው የሄድኩት። ስለዚህ አገሩን አይቶት የማያውቅ ሰው ስለ ባቡር ጣቢያውና ስለ ገበያው ከእኔ ብዙ አያገኝም። እኔ የማወራው ስለ አንድ ግቢ፣ ስለ ወዳጄ ስለ ፈቲያና ስለ አንድ የቆመ ሞተር ሳይክል ነው።

ከፈቲያ ጋር የተዋወቅነው እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃን፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ሁለታችንም ልጆቻችንን ካስተማርን በኋላ ነው እኛ ለመማር የተነሳነው። ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታችን እየተጋፋ ክፍልፋይ ተምረናል። ባሏ ሙክታር የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ለሥራ ወደ እኛ ከተማ ሲመደብ ተከትላው መጥታ ነው። ማታ ማታ በሞተሩ መጥቶ ይወስዳታል። እሷ ከኋላው በጎን ትቀመጣለች፤ እሱ ከመነሳቱ በፊት የጎን መስተዋቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ በብርዱ ውስጥ ይሄዳሉ። ጠንቃቃ ሰው ነው እል ነበር በልቤ።

ኋላ ወደ አገራቸው ወደ ድሬ ተመለሱ። የሙክታርን መሞት የሰማሁት ዘግይቼ ስለነበር ቀብር አልደረስኩም። በእኛ ዘንድ ቀብር ያልደረሰ ለቅሶ ይደርሳል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል።

ሰኞ

ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ከተማችን የምትታወቅበትን ነገር ገዛሁ፤ ብርድ ልብስ። ወፍራም፣ ለሁለት ሰው የሚሆን። አዲስ አበባ ያደርኩት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው፤ ጓዜን ስታይ ሳቋ አመለጣት።

«ለድሬዳዋ ብርድ ልብስ? ምነው፣ ለጅቡቲም ምድጃ ብትልኪላቸው!»

እኔ ያሰብኩት ስለ ስጦታው ጥራት እንጂ ስለ አገሩ አልነበረም። ስፌቱን አገላብጬ አይቻለሁ፤ ጠርዙን ፈትሻለሁ። ሙቀቱን ግን ለአፍታም አላሰብኩትም። መመለስ ስለማይቻል ተሸክሜው አደርኩ።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አዋሽን እስክናልፍ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሰበ ተፈሪ ላይ ለምሳ ወረድን፤ ሽሮ አዘዝኩ፤ ከአጠገቤ የተቀመጡ እናት የራሳቸውን ቃሪያ ከፍለው «ያለ ቃሪያ ሽሮ ምን ይበላል፣ ልጄ» ብለው ሰሐኔ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ ወዲያ ተራራው ተጀመረ። ቁልቢ ስንደርስ የወረደው ጉም ቁርጥ የእኛን አገር ጉም ይመስላል፤ ነጠላዬን ተከናነብኩና ብርድ ልብሱን በኩራት አየሁት። ኩራቴ ግን ደንገጎ ላይ አበቃ። አውቶቡሱ በዚያ ቁልቁለት በተጠማዘዘ ቁጥር በመስኮቱ የሚገባው አየር እየሞቀ ሄደ። መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ታች ስንደርስ የቀረኝ ጨዋነቴ ብቻ ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ የልጄ ልጅ የሚሆን ባለ ባጃጅ፣ «አንቺ! የት ነሽ?» ብሎ ጠራኝ። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ እናቱ ትጠየቅበታለች።

«ደቻቱ ወንዝ ዳር» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ነይ ግቢ አቦ! ይሄን ሁሉ ምን ተሸክመሽ ነው? ብርድ ልብስ? ወላሂ፣ ድሬን ልትቀብሪያት ነው የመጣሽው!»

«ለቅሶ ቤት ነው የምሄደው» አልኩት።

ወዲያው ያስጮኸው የነበረውን ሙዚቃ ዘጋ። ሲደርስ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ እስከ በሩ አደረሰልኝና «አላህ ያጽናሽ» ብሎኝ ሄደ። ኋላ እንዳየሁት እዚያ አገር አንቺ የማይባል ሰው የለም፤ ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ እንግዳውም አንተ ነው። ክብር በሌላ ነገር ነው የሚገለጸው።

ፈቲያ ዒዳ ላይ ነበረች። ዒዳ ማለት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ከቤቷ ሳትወጣ፣ ሳታጌጥ፣ ከባዕድ ወንድ ፊት ሳትቀርብ የምትቆይበት የሐዘን ወራት ነው። ደጃፉ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ሁለታችንም ብዙ የምንናገር ሰዎች አይደለንም፤ ማታ ትምህርት ቤትም መምህሩ «እናንተ ሁለቱ አላችሁ?» እያለ ነበር የሚጠራን።

ሞተሩ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ቆሟል። ፈቲያ በጨርቅ መቀመጫውንና ነዳጅ መያዣውን አቧራ እያራገፈች፣ «እሱ ያቆመበት ነው» አለችኝ። «ያን ቀን ከሥራ ገብቶ አቆመው፤ ‹ደረቴን› አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ዓርብ ዒዳዬ ያልቃል። ወንድሙ ጀማል መጥቶ ይወስደዋል፤ ሽማግሌዎቹ እንደዛ ነው የተነጋገሩት፤ እኔም ፈቅጃለሁ። እሱ ከጨለንቆ በላይ፣ ደጋ ነው የሚያስተምረው፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። እስከ ዓርብ ግን ሙክታር እንዳቆመው ይቁምልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁሉን ስታብስ የግራውን ስፖኪዮ ብቻ አለፈችው። አቧራው እንደ ዱቄት ተጋግሮበታል። እኔ የቆሸሸ መስተዋት አይቼ እጄን መሰብሰብ የሚቸግረኝ ሰው ነኝ፤ ሰበሰብኩ።

ሮብ

ሌሊቱን በረንዳው ላይ ነው የተኛነው። ብርድ ልብሱ ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ሲያየኝ አደረ። ጠዋት ፈቲያ ከሶላት ተነስታ፣ «ዛሬ ሮብ ነው፤ ትጾሚያለሽ። የምስር ነው የምሠራልሽ» አለችኝ። በመንገዱ ድካም ቀኑ ተምታቶብኝ ነበር፤ ጾሜን ያስታወሰችኝ እሷ ናት።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መጥረጊያ አንስቼ ግቢውን መጥረግ ጀመርኩ። የደቻቱ ዳር መሬት አሸዋ ነው፤ ቢጠርጉት የማያልቅ፣ ልክ ወንዙ አሸዋውን በየቤቱ ያከፋፈለ ይመስል። ሞተሩ ዘንድ ስደርስ ከማቆሚያ እግሩ ሥር አንዲት አሮጌ ቁራጭ ጣውላ አየሁ፤ የሳጥን ስባሪ፣ ሚስማር ያለባት። የሐዘንተኛ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ለዓርብ እንግዳ ሊቀርብ ነው? መስተዋቱን አለመንካቴን እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጥሬዋለሁና ጣውላዋ የእኔ ድርሻ መሰለችኝ። መሪውን ይዤ ሞተሩን በትንሹ ቀና አደረግኩና ጣውላዋን በእግሬ ገፋ አድርጌ አወጣኋት። መልሼ ሳስደግፈው ቆመ። በእኛ አገር ሞተር የሚቆመው ጭንጫ ላይ ነው፤ ማንም ከሥሩ ምንም አያደርግም። ጣውላዋን ግንቡ ጥግ ከቆሻሻው ጋር ጣልኳትና ጀርባዬን ሰጥቼ መጥረጌን ቀጠልኩ።

መሬቱ ቀስ እያለ እግሩን ዋጠው። እኔ የሰማሁት ድምፁን ነው።

ዘወር ስል ሞተሩ በግራ ጎኑ ተዘርግቷል፤ ነዳጅ በአሸዋው ላይ ይፈስሳል። የፍሪሲዮኑ መያዣ ተሰብሯል፤ ፍሬቻው ተፈነካክቷል፤ ነዳጅ መያዣው ከድንጋይ ጋር ተገናኝቶ ጎድጉዷል። ስፖኪዮው አንገቱ ተጠምዝዞ፣ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ ያያል።

ፈቲያ ወጣች። እንድትጮህ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መጥታ ከስፖኪዮው አጠገብ ተንበረከከች፤ በጣቷ ጠርዙን ነካችው።

«ጣውላዋን አነሳኋት» አልኩ። «ቆሻሻ መስላኝ።»

«አሸዋ ነው መሬቱ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ የምትናገር ይመስል። «እሱ ነው ያደረጋት።»

ተባብረን አነሳነው፤ ግንቡ ላይ አስደገፍነው። ከዚያ ገብታ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ማንንም ሳልጠይቅ መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ውሾቹ እንኳ ጥላ ሥር ናቸው። ደብረ ብርሃን በዚህ ሰዓት ሥራውን ጥሎ የሚጋደም ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። በመጨረሻ በድልድዩ አጠገብ ከሸራ ሥር፣ ጎማ ተደግፎ የተጋደመ ሞተር ጠጋኝ አገኘሁ። አወል ይባላል፤ ጉንጩ በጫት ሞልቷል።

«ሞተር ወድቆብኝ ነው» አልኩት።

«አንቺ ላይ?»

«ከቆመበት ነው የወደቀው።»

«ቆሞ የወደቀ ሞተር! አቦ፣ ምን ብለሽ ሰድበሽው ነው?»

«እባክህ፣ አሁን ብትመጣልኝ።»

«አሁን? አሁንማ ድሬዳዋ የለችም፣ እህቴ። ተኝታለች። አስር ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ ያኔ እሷም እኔም እንመጣለን። ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ፤ ፊትሽ በርበሬ መስሏል።»

ውኃውን ጠጣሁ፤ ጨው ጨው ይላል። የማን ሞተር እንደሆነ ስነግረው ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ሳቁ ጠፋ።

«የሙክታርን ነው የጣልሽው?» አለኝ። «በይ ሂጂ። ሌላ ሰው እንዳታስነኪው።»

በቀጠረው ሰዓት መጣ። ፈቲያ ዒዳ ላይ ስለሆነች ከመጋረጃው አልወጣችም፤ እሱ ከግቢው፣ እሷ ከመጋረጃው ውስጥ እየተጠራሩ ነው የተነጋገሩት። እኔ መሐል ቆሜያለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ፈቲያ!»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ አወል። አየኸው?»

«አየሁት። አይዞሽ፣ አልሞተም።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ አወል ኮፊያውን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

«አፉ ብያለሁ። ሥራህን ሥራ።»

የተጣመመውን የእግር መርገጫ ለማቃናት የቀረውን ነዳጅ ቀድቶ አወጣና ሞተሩን በደህናው ጎኑ ሊያስተኛው ፈለገ። «ቀለሙ እንዳይጫር ወፈር ያለ ነገር ስጡኝ!» ብሎ ጮኸ። ከመጋረጃው ሥር የእኔ ብርድ ልብስ ተገፍቶ ወጣ።

«ፈቲያ! አዲስ እኮ ነው!» አልኩ።

«እንደሱ የወፈረ ድሬ ውስጥ የለም!» አለች። ሞተሩ ከወደቀ ወዲህ ለእኔ የመለሰችልኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ስለ ጎድጓዳው አወል፣ «ላወጣው እችላለሁ፤ ቀለሙ ግን ይረግፋል» ሲል፣ «ተወው፤ ይኑረው» አለችው። ስለ ስፖኪዮው ግን፣ «አዲስ ሙሉውን ላምጣ?» ሲላት መጋረጃው ተነቃነቀ።

«አይሆንም! አንገቱ ይቃና። መስተዋቱን ብቻ ቀይሩት።»

«እንደሱ የሚሆን መስተዋት ተቆርጦ ነው እንጂ አይገኝም።»

«እኔ አስቆርጣለሁ» አልኩ።

ሐሙስ

የስፖኪዮውን ቀፎ በነጠላዬ ጠቅልዬ ታይዋን ወደሚሉት ገበያ ሄድኩ። የሚገበያዩበት በሦስት ቋንቋ ነው፤ ሰው በኦሮምኛ ጠይቆ፣ በሶማሊኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ይገዛል። መስተዋት ቆራጩ የመጀመሪያውን ቆርጦ ሲሰጠኝ በአንድ ጎኑ ክፍተት አየሁበት።

«ይንቀሳቀሳል» አልኩት።

«ማስቲሽ ታስገቢበታለሽ።»

«ሌላ ቁረጥልኝ።»

ሁለተኛውንም መለስኩት፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ነበር። «አውሮፕላን ልታበሪ ነው እንዴ፣ እህቴ?» አለኝ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቆሜ ጠበቅኩ። ጥንቃቄዬ ነው ያንን ሞተር የጣለው፤ ሌላ ያለኝ ነገር ስለሌለ በዚያው ጥንቃቄዬ ልክሰው ሞከርኩ። ሦስተኛው ልክ ገባ።

አስር ሰዓት ላይ አወል መጣ። አዲስ የፍሪሲዮን መያዣና ፍሬቻ ይዞ ነበር። አሠረ፣ አጠበቀ፣ ሞተሩን ራሱ ጣውላዋ ላይ አቆመው፤ ጣውላዋን ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጌ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ስፖኪዮውን ያዘና ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ለማን ልክ ላድርገው?»

አንገቱን ወደ መጋረጃው አስግጎ ደገመ።

«ያ ፈቲያ፣ ወደ መንገዱ ላዙረው?»

«አወል» አለች። «አላህ ይስጥህ። እዚያ ላይ ተወው።»

እሱ ሲሄድ ወጣች። ሞተሩን ዞራ አየችው። ከዚያ እጇን ስፖኪዮው ላይ ሳታሳርፍ ነገረችኝ።

«መንገዱን በቀኙ ነው የሚያየው። የግራው ለኔ ነው። በጎን ስቀመጥ ፊቴ በግራ በኩል ይሆናል፤ እሱ ሊያየኝ ያዞረዋል። መጀመሪያ እንቅልፍ ወስዶሽ እንዳትወድቂ ነው አለኝ። ኋላ ልማድ ሆነ። በሄድንበት ሁሉ ዓይኑን እዚያ ውስጥ አገኘዋለሁ።»

ደብረ ብርሃን፣ በትምህርት ቤቱ በር፣ ነካ ነካ የሚያደርገው ትዝ አለኝ። ለመንገዱ ይመስለኝ ነበር።

«እሱ እንዳዞረው ነበር ያለው» አለች። «አቧራውንም ያልነካሁት ለዛ ነው። አሁን የት እንደነበረ ብቻዬን ላገኘው አልችልም። እንዴት እንደሚገኝ አስቤዋለሁ። ውጪበት።»

«እኔ?»

«አንቺ። እሱም እንዳንቺ አጭር ነበር።»

በሕይወቴ ሞተር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ሁለት እግሮቼን አሸዋው ላይ ተከልኩ። ፈቲያ ከኋላዬ እንደ ድሮዋ በጎን ተቀመጠች። ስፖኪዮውን ያዝኩ። መጀመሪያ የኒሙን ቅጠል አየሁ፤ ቀጥሎ ግንቡን፤ ቀጥሎ የሻሿን ጫፍ።

«ታየሁ?»

«ግንባርሽ ብቻ።»

«ዝቅ አድርጊው።»

በጣም በጥቂቱ አዞርኩት። ዓይኗ መጣ። ከዚያ ፊቷ ሙሉውን በዚያች ትንሽ መስተዋት ውስጥ ሞላ። እሷም የእኔን ዓይን አየች፤ የፈለገችው ደግሞ የእኔን እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅን።

«ጨፍኚልኝ» አለችኝ።

ጨፈንኩ። እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከወንዙ ማዶ አዛን እስኪሰማ ድረስ እንዲያ ተቀምጠን ቆየን። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም።

ዓርብ

ጠዋት ፈቲያ ታጠበች፤ የሐዘን ልብሷን ቀይራ ሽቶ ተቀባች። ጎረቤት ሴቶች ፈጢራና ሻይ ይዘው መጥተው መረቋት። ለእኔም ዓርብ ጾም መሆኑን ያወቁት ሳይነገራቸው ነው፤ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የተጋገረ ለብቻ በሰሐን አቀረቡልኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀማል መጣ። ቀጭን፣ የሚያፍር መምህር ነው፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ወፍራም ኮት ለብሷል። ጎድጓዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ስለ አደጋው ራሴ ነገርኩት፤ «ነገሩ ሞተር ነው፤ ይወድቃል» አለኝ።

ፈቲያ ብርድ ልብሱን አጥፋ አወጣች። አወል ያሳረፈበት የዘይት ጠብታ በአንድ ጥግ ይታያል። «አገርህ ይበርዳል» አለችው፤ ወደ እኔም ዞር ብላ፣ «ትፈቅጂልኛለሽ?» አለች። መቀመጫው ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ እኔው ጠፍሬ አሰርኩት።

ጀማል ወጣበት። ሞተሩን አስነሳ። ያ ድምፅ ግቢውን ሲሞላው ፈቲያ የበሩን መቃን ያዘች። እሱ ከመነሳቱ በፊት፣ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እጁን ወደ ግራው ስፖኪዮ ሰደደ።

«ተው፣ እንዳት...» ስል ፈቲያ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች በዝግታ። «መንገዱን ማየት አለበት።»

አዞረው። መስተዋቱ ላይ ፀሐዩ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። «በሰላም ግባ!» አለችው፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። ሞተሩ ወጣ፤ በድልድዩ በኩል እየራቀ ሲሄድ ከባጃጆቹ ድምፅ ለይተን እስከምንሰማው ድረስ ሰማነው። ከዚያ አልለየነውም።

ቅዳሜ

አውቶቡሴ ማለዳ ነበር። ፈቲያ ተኝታለች፤ ከወራት በኋላ ደኅና እንቅልፍ የወሰዳት ስለመሰለኝ አልቀሰቀስኳትም። ጓዜ ያለ ብርድ ልብሱ ቀሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጊዜ ስለተረፈኝ መጥረጊያውን አነሳሁ።

ግቢው ባዶ ነበር። የኒሙን ቅጠል ጠረግኩ፤ የጎማውን ፈለግ ጠረግኩ፤ ነዳጅ የጠጣውን አሸዋ ዝቄ ደፋሁ። ከዛፉ ሥር ጣውላዋ እንዳለች ናት፤ መሐሏ ላይ የሞተሩ እግር ለዓመታት የቆፈራት ጉድጓድ አለባት፤ ሚስማሯ ወደ ላይ ቀና ብሏል። አሁን ምንም የምትደግፈው ነገር የለም።

ዞሬያት ጠረግኩ።